ስታሊን ሳያየው የወጣው አራተኛው ገቢር

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን ዋላችሁ?

ቅዳሜ ከሰዓታችሁን ትታችሁ፣ በዚህ ዝናብ፣ ስለ አንድ የሩሲያ ኦፔራ ለመስማት መምጣታችሁ በጣም ደስ ብሎኛል። እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ እዚህ ፊት ለፊት ወንበር አለ፤ ኑ ተቀመጡ። የሙዚቃ ተማሪዎች መሆናችሁን ሰምቻለሁ። የዛሬው ንግግሬ በተለይ ለእናንተ ነው።

የማወራው የሩሲያው የሙዚቃ ደራሲ ዲሚትሪ ሾስታኮቪች ስለጻፈው ኦፔራ፣ በዘፈን ስለሚጫወት ድራማ ነው። «የምጼንስክ አውራጃ ሌዲ ማክቤዝ» ይባላል። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ። ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ ታሪኩን። ሁለተኛ፣ አንድ ምሽትና አንድ የጋዜጣ ጽሑፍ ይህን ኦፔራ እንዴት ከመድረክ እንዳወረዱት። ሦስተኛ፣ ዛሬ የዓለም መድረኮች እንዴት አድርገው እንደሚያሳዩት። ሦስተኛው ላይ ሞቅ ልል እችላለሁ፤ ታገሱኝ።

ከታሪኩ እንጀምር።

ኒኮላይ ሌስኮቭ የሚባል ደራሲ በ1865 አንድ አጭር ልብወለድ አወጣ። ምጼንስክ ከሞስኮ በስተደቡብ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ማክቤዝ የሚለውን ስም ከሼክስፒር ነው የወሰደው፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ባሏን ለግድያ የምትገፋፋ እመቤት አለች አይደል? ሌስኮቭ እሷን ከቤተ መንግሥት አውጥቶ አንድ የነጋዴ ግቢ ውስጥ አስገባት።

ካቴሪና ኢዝማይሎቫ ትባላለች። ወጣት ናት። ልጅ የላትም። ባሏ ዚኖቪ ወኔ የሌለው ሰው ነው። ቤቱን የሚገዛው አማቷ ቦሪስ ነው። ካቴሪና ቀኑን ሙሉ የምትሠራው ነገር የለም። ትተኛለች፣ ትነሳለች፣ ይሰለቻታል። ባል ለሥራ ራቅ ብሎ ሊሄድ ሲነሳ አማት በሠራተኛው ሁሉ ፊት ተንበርክካ ታማኝነቷን እንድትምል ያደርጋታል። እስቲ አስቡት። ያላጠፋች ሴት በሎሌ ፊት ተንበርክካ ስትምል!

ከዚያ ሰርጌይ የሚባል አዲስ ሠራተኛ መጣ። መልከ መልካም፣ አፈ ቅቤ። አንድ ማታ «የማነበው መጽሐፍ አውሱኝ» ብሎ በሯን አንኳኳ። በቤቱ አንድም መጽሐፍ የለም። የቀረውን እናንተ ገምቱት።

አማት ደረሰባቸው። ሰርጌይን በሰው ፊት ገረፈው። መግረፉ አማትየውን አደከመውና ራበው፤ የተረፈ እንጉዳይ ካለ አምጪ አላት። ካቴሪና አመጣችለት፤ የአይጥ መርዝ ጨምራበት። ባልየውም ሲመለስ ከሰርጌይ ጋር ሆና ገደለችው። ሬሳውን ምድር ቤት ደበቁት። ሠርግ ደገሱ። በሠርጉ ቀን አንድ ሰካራም መጠጥ ፍለጋ የምድር ቤቱን ቁልፍ ሰበረ። ሬሳውን አገኘና ወደ ፖሊስ ጣቢያ በረረ።

የፖሊስ ጣቢያውን ትዕይንት ሳልነግራችሁ አላልፍም። ፖሊሶቹ ሠርጉ ላይ አልተጠሩምና አኩርፈዋል። አለቃቸው ያለ ጉቦ እንዴት ይኖራል እያለ ይዘፍናል። አንድ መምህር አስረው አምጥተዋል። ወንጀሉ ምንድን ነው? እንቁራሪትም ነፍስ አላት ብሏል! ሰካራሙ ገብቶ «ሬሳ አለ» ሲላቸው ደስታቸው ልክ የለውም። ሠርጉ ላይ የሚገቡበት ምክንያት አገኙ። ይህ በ1932 የተጻፈ ነው፤ በዚያ ዘመን፣ በዚያ አገር። ሾስታኮቪች ጨርሶ ሲያስቀምጠው ገና 26 ዓመቱ ነበር። መታሰቢያነቱን ያደረገው በዚያው ዓመት ላገባት ለኒና ቫርዛር ነው።

ኦፔራው አራት ገቢር፣ ማለትም አራት ክፍል አለው። አራተኛውን ገቢር አሁን አልነግራችሁም። እመለስበታለሁ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ከባድ ጥያቄ አለ። ሌስኮቭ ጋ ካቴሪና ሦስተኛ ሰው ትገድላለች። ውርስ የሚካፈላትን ትንሽ ልጅ በትራስ አፍና ትገድለዋለች። ሾስታኮቪች ይህን ቆርጦ ጣለው። ምክንያቱንም አልደበቀም፤ ሕፃን የገደለችን ሴት ማንም አያዝንላትም። እሱ ደግሞ እንድናዝንላት ይፈልጋል።

ሙዚቃውም እንዲሁ ያደላል። ካቴሪና ስትዘፍን ዜማው ረጅም ነው፣ ያሳዝናል፣ የሰው ነው። አማትየው፣ ባልየው፣ ቄሱ፣ ፖሊሱ ግን የሚሰጣቸው ፖልካ ነው፣ ዋልስ ነው፣ የሰርከስ ግልቢያ ነው። ቦሪስ በመርዝ እየተንፈራገጠ ሲሞት እንኳ ቄሱ መጥቶ ነገሩን ወደ ቀልድ ይወስደዋል። የአሜሪካው የሙዚቃ ታሪክ ሊቅ ሪቻርድ ታሩስኪን በዚህ ነገር ላይ በጣም ተቆጥቶ ጽፏል። ክርክሩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ይህ ኦፔራ የተጻፈው በ1930 እና በ1932 መካከል ነው። በዚያው ጊዜ የስታሊን መንግሥት «ኩላክ» የሚላቸውን ሀብታም ገበሬዎች «የመደብ ጠላት» ብሎ እያፈናቀለ፣ በባቡር እየጫነ ወደ ሳይቤሪያ ይልካል። ኦፔራው ደግሞ ሀብታም ነጋዴዎችን በሙዚቃ ከሰው ተራ አስወጥቶ ሲገደሉ እንዳናዝን ያደርገናል። ስለዚህ፣ ይላል ታሩስኪን፣ የስታሊን ሰለባ የሆነው ኦፔራ ራሱ የስታሊንን ዘመን መንፈስ ይዟል።

ከባድ ክስ ነው። ብዙ ሰው ሰምቶ ይናደዳል። እኔ ግን በሦስቱ ገቢሮች ላይ ትክክል ነው እላለሁ። ቦሪስ ሲሞት አልቅሼ አላውቅም፤ አላስለቀሰኝማ፣ ሙዚቃው አልፈቀደልኝም። ይህን ማመን አለብን። የምንወደውን ሥራ ስለምንወደው ብቻ ንጹሕ ልናደርገው አይገባም። ግን አራተኛ ገቢር አለ። አራተኛ ገቢር አለ! ታሩስኪንን የሚመልስለት ካለ እሱ ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥቤ ልሂድ።

ኦፔራው ጃንዋሪ 22 ቀን 1934 ሌኒንግራድ ውስጥ በማሊ ኦፔራ ቲያትር ተከፈተ። ኦርኬስትራውን የመራው ሳሙኤል ሳሞሱድ ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ሞስኮ ውስጥ «ካቴሪና ኢዝማይሎቫ» በሚል ስም በኔሚሮቪች ዳንቼንኮ ቲያትር ወጣ። ሁለቱም ቦታ ጉድ ተባለ። በሁለት ዓመት ውስጥ በሁለቱ ከተሞች ከ150 ጊዜ በላይ ታየ። ጋዜጦቹ የሶቪየት ኦፔራ ተወለደ ብለው ጻፉ። በ1935 መጀመሪያ የኦርኬስትራ መሪው አርተር ሮድዚንስኪ አሜሪካ ወሰደው፤ ክሊቭላንድ፣ ከዚያ ኒውዮርክ።

ኒውዮርክ ላይ አንድ አንጋፋ ሐያሲ በኦፔራ ታሪክ እንደዚህ ሰው የብልግና ሙዚቃ የጻፈ የለም ብሎ ጻፈ። ምን ሰምቶ ነው? የመኝታ ቤቱን ትዕይንት ነው። እዚያ ላይ ትሮምቦኖቹ አሉ። ትሮምቦን በጦር ሠራዊትና በፖሊስ ኦርኬስትራዎቻችን ያያችሁት ያ ዘንጉ እየተሳበ የሚነፋው መሣሪያ ነው። ከፊት የተቀመጣችሁት ተማሪዎች በደንብ ታውቁታላችሁ። ድምፁ ከላይ ወደ ታች ተንሸራቶ መውረድ ይችላል። ሾስታኮቪች ሁለቱ ፍቅረኞች የሚሆኑትን ሁሉ በዚያ ድምፅ አደረገው፤ ሲጨርሱም ትሮምቦኖቹ ተንሸራተው ወረዱ። ማንም ሰው አይሳሳተውም። መጋረጃ ቢዘጋም ጆሮ ያያል።

እንግዲህ ወደዚያች ምሽት ደረስን። ጃንዋሪ 26 ቀን 1936። ሞስኮ። የቦልሾይ ቲያትር ሁለተኛው አዳራሽ። ስታሊን መጣ። የፓርቲው ባለሥልጣናት ሞሎቶቭ፣ ሚኮያንና ዣዳኖቭ አብረውት ነበሩ። ሾስታኮቪች ለኮንሰርት ወደ አርካንግልስክ ሊሄድ እየተዘጋጀ ሳለ ቲያትር ቤት እንዲገኝ ተነገረው። ከዘጠኝ ቀን በፊት ስታሊን የሌላ ወጣት ደራሲ ኦፔራ አይቶ አመስግኖ ነበር። እንግዲህ ሾስታኮቪች ምን ጠብቆ ይሆን? ሰው አይደል? እሱም ሊመሰገን ነዋ!

የነበሩ ሰዎች ጽፈው እንደተዉት የመንግሥት ሎጁ፣ ማለትም ባለሥልጣናቱ የሚቀመጡበት ልዩ ቦታ፣ ከኦርኬስትራው አጠገብ፣ ልክ ከነሐስ መሣሪያዎቹና ከከበሮው በላይ ነበር። ያን ማታ ደግሞ የነሐስ ክፍሉ ተጠናክሯል። የኦርኬስትራው መሪ ሜሊክ ፓሻየቭ ትኩስ ሰው ነው፤ ታላላቆቹ አሉ ብሎ የበለጠ ነደደ። ድምፁ በሙሉ ወደ ሎጁ ወጣ። ሾስታኮቪች ከወዲያ ማዶ ሆኖ ሎጁን ያያል። ሙዚቃው ሲጮህ እዚያ ያሉት ሲደነግጡ፣ ሲተያዩ፣ ሲሳሳቁ ያያል። ከሦስተኛው ገቢር በኋላ ወደ መድረክ ወጥቶ እጅ ሲነሳ ፊቱ እንደ ወረቀት ነጭ ነበር ይላሉ።

ስታሊንና ጓዶቹ አራተኛውን ገቢር ሳያዩ ተነስተው ወጡ። አንድ ቃል አልተናገሩም።

ሾስታኮቪች ወደ አርካንግልስክ ሄደ። ጃንዋሪ 28 ቀን ጠዋት ባቡር ጣቢያው ውስጥ የኮሚኒስት ፓርቲውን ጋዜጣ፣ ፕራቭዳን ገዛ። ገልጦ ሦስተኛው ገጽ ላይ ደረሰ። «በሙዚቃ ፈንታ ትርምስ» ይላል። የጸሐፊ ስም የለበትም። የጸሐፊ ስም የሌለበት የፕራቭዳ ጽሑፍ ማለት ፓርቲው ራሱ ተናገረ ማለት ነው። ሙዚቃው እንደ ዳክዬ ይጮኻል፣ ያጓራል፣ ያለከልካል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል ይላል። ባለ ሁለት ሰው የነጋዴ አልጋ የመድረኩን መሀል ይዟል፤ ችግር ሁሉ የሚፈታው እሱ ላይ ነው ይላል። ይህን አልጋ አትርሱብኝ። ከዚያም አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ ይህ ጨዋታ መጨረሻው በጣም ሊከፋ ይችላል የምትል። በ1936 ሞስኮ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት ያስፈልጋል? እዚህ አዳራሽ ውስጥ አያስፈልግም። በዕድሜ የገፋን ሁላችን የዚህ ዓይነት ጽሑፍ በጋዜጣ አንብበናል፣ በሬዲዮ ሰምተናል።

29 ዓመቱ ነበር። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት።

ኦፔራው ወዲያው ከየመድረኩ ወረደ። በፌብሯሪ ፕራቭዳ ለባሌት ዳንስ የጻፈውን ሙዚቃም አብጠለጠለ። ሌኒንግራድ ላይ የሙዚቃ ደራስያን ስብሰባ ተጠራ። ትናንት በጽሑፍ ያወደሱት ሰዎች እየተነሱ «ተሳስተን ነበር» አሉ። እንዲህ ዓይነት ስብሰባ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል። አጨብጫቢው ያው ነው፤ የተለወጠው የሚጨበጨብለት ብቻ ነው። ሾስታኮቪች ራሱ ምን አደረገ? ስለሱ የሚወጣውን የስድብ ጽሑፍ ሁሉ እየቆረጠ ደብተር ላይ ይለጥፍ ነበር። ወዳጁ ኢሳክ ግሊክማን ነው ይህን የተረከልን። አራተኛ ሲምፎኒው በ1936 መጨረሻ ልምምድ ላይ እያለ ተሰረዘ፤ የተሰማው ከ25 ዓመት በኋላ በ1961 ነው። ሲያግዘው የነበረው ማርሻል ቱካቼቭስኪ በ1937 ተረሸነ። ታላቁ የመድረክ አዘጋጅ ሜየርሆልድ በ1940 ተረሸነ። ሾስታኮቪች ተረፈ። አምስተኛውን ሲምፎኒ ጻፈ፣ ሰባተኛውን ጻፈ፤ ዓለም ሁሉ አወቀው። ግን ልብ በሉ፦ ይህ ኦፔራ ስለ ሩሲያ ሴቶች ሊጽፋቸው ካሰባቸው ተከታታይ ኦፔራዎች የመጀመሪያው ነበር። የቀሩት አልተጻፉም። ከዚያ በኋላ ሌላ ሙሉ ኦፔራ አልጨረሰም። 39 ዓመት ኖረ፤ አልጨረሰም! አንድ የጋዜጣ ጽሑፍ ያልተወለዱ ሥራዎችን ነው የገደለው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ስታሊን በ1953 ሞተ። ሾስታኮቪች ኦፔራውን አለዝቦ አሻሻለው፤ በጃንዋሪ 1963 ሞስኮ ላይ «ካቴሪና ኢዝማይሎቫ» ተብሎ እንደገና ወጣ። ጽሑፉ ጨዋ ሆነ፣ ትሮምቦኖቹ ተገሩ። የመጀመሪያው ቅጂ ሙሉ ሆኖ በሸክላ የወጣው ሾስታኮቪች ከሞተ በኋላ ነው፤ ሮስትሮፖቪች ለንደን ውስጥ መርቶት፣ ሚስቱ ጋሊና ቪሽኔቭስካያ ካቴሪናን ሆና ዘፍናለት። ሁለቱ ደግሞ በ1978 የሶቪየት ዜግነታቸውን ተገፈዋል።

እኔ ያን ቅጂ የሰማሁት ሌኒንግራድ ተማሪ ሳለሁ በ1980ዎቹ ነው። የተማርኩት የውሃ ምህንድስና ነው። ፎቃችን ላይ የሚኖር አንድ የኮንሰርቫቶሪ ልጅ ካሴት አመጣ። ሽፋን የለውም። ስም አልተጻፈበትም። ከካሴት ወደ ካሴት ስንት ጊዜ እንደተገለበጠ እንጃ፤ ሹክሹክታው ከሙዚቃው እኩል ይሰማል። አምስት ሆነን አንድ ክፍል ውስጥ ገባን፣ በሩ ስር ፎጣ ጎሰጎስን፣ ድምፁን ዝቅ አደረግን። ይህ ኦፔራ ዝቅ ተደርጎ እንደማይሰማ ያወቅኩት ያኔ ነው። አማትየው ከሞተ በኋላ ኦርኬስትራው ብቻውን የሚጫወተው ፓሳካሊያ የሚባል ክፍል አለ። አንድ የባስ ዜማ ከታች ይደጋገማል፤ በላዩ ላይ ሙዚቃው ይከመራል፣ ይከመራል፣ ይከመራል። የካሴት መጫወቻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልጁ ተነስቶ ድምፁን ሊቀንስ እጁን ዘረጋ። መልሶ ተወው።

አሁን ሦስተኛው ነጥቤ።

ዛሬ ይህ ኦፔራ በየታላላቆቹ ቲያትር ቤቶች ይታያል። የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን በ1994 በግራሃም ቪክ አዘጋጅነት አሳየው። አምስተርዳም ላይ በ2006 ማርቲን ኩሼ ካቴሪናን በመስታወት ቤት ውስጥ፣ በብዙ ጥንድ ጫማ መካከል አስቀመጣት። ፓሪስ ላይ በ2019 ክሺሽቶፍ ቫርሊኮቭስኪ ታሪኩን ቄራ ውስጥ አደረገው፤ የተሰቀለ የአሳማ ሥጋ መሀል። የሚላኑ ላ ስካላ በዲሴምበር 7 ቀን 2025 የዓመቱን ወቅት የከፈተው በዚሁ ኦፔራ ነው። ኦርኬስትራውን የመራው ሪካርዶ ሻዪ፣ ያዘጋጀው ቫሲሊ ባርካቶቭ ነበር። ላ ስካላ ዓመቱን በእሱ ከፈተ ማለት ከዚህ በላይ ክብር የለም ማለት ነው።

ደስ ይለኛል። ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። ብዙ አዘጋጆች መኝታ ቤቱ ላይ ሲደርሱ ያላቸውን ሁሉ ይጨርሳሉ። ልብስ ይወልቃል፣ ደም ይፈሳል፣ መብራት ይበራል። ያ አልጋ እንደገና የመድረኩን መሀል ያዘ። እስቲ ንገሩኝ፣ ፕራቭዳ ያለው ይህንኑ አልነበረም? ችግር ሁሉ አልጋው ላይ ይፈታል አላለም? እሱ አልጋውን ሊያወግዝ አሳየን፤ እነዚህ ሊያደንቁ ያሳዩናል። ሁለቱም ከአልጋው አልወረዱም! ሙዚቃው እኮ ያን ሥራ ጨርሶታል። ትሮምቦኑ የተናገረውን ተዋናይ ቢደግመው ምን ይጨምራል? ያንን አቅም ለአራተኛው ገቢር አቆዩት እላለሁ። ለአራተኛው አቆዩት!

አራተኛው ገቢር ምንድን ነው? መንገድ ነው። ካቴሪናና ሰርጌይ ተፈርዶባቸዋል፤ ከብዙ እስረኞች ጋር በእግር ብረት ወደ ሳይቤሪያ ይጓዛሉ። መሸ፤ ወንዝ ዳር ሰፈሩ። አንድ ሽማግሌ እስረኛ ስለ መንገዱ ርዝመት ይዘፍናል፣ ሌሎቹ ይቀበሉታል። ከኋላ አንድም ፖልካ የለም። የሚያሾፍ ሙዚቃ ጠፋ። ካቴሪና ለጠባቂው ጉቦ ሰጥታ ወደ ሰርጌይ ትጠጋለች። ሰርጌይ ግን አኩርፏታል፤ ነጋዴ ሚስት ሳለች የነበራት ሁሉ አልቋል፤ አሁን ምን ታደርግለታለች? ሶኔትካ የምትባል ወጣት እስረኛ ወዷል። ሶኔትካ ካልሲዬ ተቀዷል፣ በረደኝ፣ ካልሲ አምጣና የፈለግከው ይሆናል ትለዋለች። ሰርጌይ ወደ ካቴሪና ሄዶ እግሬን ብረቱ ቆረጠኝ፣ መራመድ አቃተኝ፣ የሱፍ ካልሲ ቢኖረኝ ይላል። ካቴሪና ካልሲዋን ከእግሯ አውልቃ ትሰጠዋለች። እሱ ወስዶ ለሶኔትካ ይሰጣል።

ይህን ስትሰሙ ምን ተሰማችሁ? ካልሲ ነው እኮ፤ ምን ትልቅ ነገር አለው?

ልንገራችሁ። ከአዲስ አበባ ይዤው የሄድኩት ካልሲ የጥጥ ነበር። የመጀመሪያው ክረምት ላይ ከመኝታ ቤታችን እስከ ትራም ማቆሚያው ስሄድ ጣቶቼ ይጠፉብኛል። እግር እንዳለኝ የማውቀው ወደ ታች ሳይ ነው። የመኝታ ቤታችን በር ላይ የሚቀመጡ አንዲት አሮጊት ነበሩ። የሌኒንግራድ ተወላጅ ናቸው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ጦር ከተማዋን የከበበበትን ጊዜ እዚያው ያሳለፉ። አንድ ማታ ስገባ አካሄዴን አይተው ጠሩኝ። «አውልቅ» አሉኝ። ጫማዬን አስወለቁኝ፤ እግሬን በመዳፋቸው አሹልኝ፤ ከመሳቢያቸው ራሳቸው የሠሩትን ግራጫ የሱፍ ካልሲ አወጡ። «ልጄ፣ እዚህ አገር ጥጥ አይበቃም» አሉኝ።

ስለ ካሴቱ ያወራሁት ከእሳቸው ጋር ነው። ኦፔራው ከመታገዱ በፊት በወጣትነታቸው ማሊ ቲያትር አይተውታል። ነገሬን ሰምተው ዝም አሉ። ከዚያ «ሰው ስለ አልጋው ያወራል። እኔ የማስታውሰው ካልሲውን ነው» አሉኝ። በከበባው ክረምት ሰው ለአንድ ጥንድ ካልሲ ምን እንደሰጠ፣ ምን እንደወሰደ ነገሩኝ። ያንን እዚህ አልደግመውም።

አሁን ገባችሁ? ካቴሪና ካልሲዋን ስትሰጥ የሰጠችው መንገዱን ነው። ከዚያ ወዲያ መራመድ አትችልም። ስለዚህ አዘጋጁ አራተኛውን ገቢር ሙቀት ያለው የዘመኑ እስር ቤት ውስጥ ሲያደርገው፣ ካልሲውም ስስ የሌሊት ካልሲ ሲሆን፣ ነገሩ ወደ ቅናት ይወርዳል። ሁለት ሴቶች በአንድ ወንድ የተጣሉ ይመስላል። ብርዱ ሲወጣ ሞቱም አብሮ ይወጣል። አዘጋጅ ዘመኑን ሊለውጥ ይችላል፣ አገሩን ሊለውጥ ይችላል፤ መብቱ ነው። ብርዱን ግን እንዳይነካብኝ።

ከካልሲው በኋላ እስረኞቹ ካቴሪናን ይስቁባታል። ከዚያ አንድ ዜማ ትዘፍናለች። ጫካ ውስጥ፣ ጥቅጥቅ ያለው ጋ፣ ሐይቅ አለ። ክብ ነው። ጥልቅ ነው። ውሃው ጥቁር ነው፤ እንደ ኅሊናዬ ጥቁር። ከታች ከበሮው ይንጎደጎዳል። እዚህ ጋ ነው ታሩስኪንን የምመልስለት። ሦስት ገቢር ሙሉ ሙዚቃው ሲያስተባብልላት ቆየ። አማቷ ክፉ ነበር፣ ባሏ ደካማ ነበር፣ ተሰላችታ ነበር ሲለን ቆየ። አሁን እሷ ራሷ ጥቁር ነው አለች። ማንም አላስገደዳትም፤ ፖሊስ የለም፣ ቄስ የለም። ስታሊን ይህን ቢሰማ ኖሮ ሐሳቡን ይለውጥ ነበር አልልም፤ አይለውጥም ነበር። ግን አልሰማውም። ፕራቭዳ ያወገዘው ኦፔራ አራተኛው ገቢር የሌለበት ኦፔራ ነው።

ከዚያ ሶኔትካን ወደ ወንዙ ገፍትራ ራሷም ትወረወራለች። መኮንኑ ያያል። ወራጁ ኃይለኛ ነው፣ ሁለቱም ሰጠሙ ይላል። ሰልፉን ያስነሳል። እስረኞቹ ይሄዳሉ። ሽማግሌው ዘፈኑን ይቀጥላል፤ ሜዳው ሰፊ ነው፣ ቀኑና ሌሊቱ አያልቅም፣ ጠባቂዎቹ ልብ የላቸውም። በ1930ዎቹ ይህን የሰማ ተመልካች የዛርን ዘመን እስረኞች ብቻ ነው ያሰበው? ወደ ሳይቤሪያ የሚሄደው ባቡር እኮ ያን ሰሞንም ይሄድ ነበር። በመጀመሪያው ገቢር ሀብታም ነጋዴ ላይ ያሾፈው ያው ሙዚቃ እዚህ ላይ ለተጫነው ሁሉ አለቀሰ። ነጋዴም ይሁን ገበሬ፣ የገደለም ይሁን ያልገደለ።

ንግግሬን ልጨርስ ነው። ወደ እናንተ ወደ ተማሪዎቹ ልምጣ። የኦፔራ ቤት የለንም፣ ይህን የሚያህል ኦርኬስትራም የለንም ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። ለሙሉው ኦፔራ ብዙ ዘፋኝ፣ ትልቅ ኦርኬስትራና በላዩ ተጨማሪ የነሐስ ቡድን ያስፈልጋል። አራተኛው ገቢር ግን ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። የፒያኖ ቅጂው አለ። ለካቴሪና አንዲት ሶፕራኖ፣ ለሰርጌይ አንድ ቴነር፣ ለሶኔትካ አንዲት ዝቅ ያለ ድምፅ ያላት ልጅ፣ ለሽማግሌው አንድ ባስ ያስፈልጋል። ለትንንሾቹ ሚናዎች ከኳየሩ መካከል ሰው አይጠፋም። አልጋ አያስፈልግም። ግጥሙን ወደ አማርኛ ለመመለስ እኔ ጀምሬዋለሁ፤ የሽማግሌውን ዘፈንና የሐይቁን ዜማ ጨርሻለሁ። ከፒያኖው ጋር አስማምቶ የሚያርምልኝ ሙዚቃ የሚያነብ ሰው እፈልጋለሁ። ኳየር ያላችሁ አብያተ ክርስቲያናትና ትምህርት ቤቶችም ብትተባበሩን ትልቅ ነገር ነው። ፈቃደኛ የሆናችሁ ከጥያቄና መልሱ በኋላ እዚህ ጠረጴዛው ጋ ስማችሁንና የድምፃችሁን ዓይነት አስመዝግቡ። ለባሱ እስካሁን ሰው አላገኘሁም።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።